የጳጉሜን ሦስት ውሃ

ጸሐይነሽ ወደ ጉማራ ወንዝ የምትወርደው በቀን ሁለት ጊዜ ነበር፤ ጠዋት ከብቱ ከበረት ሲወጣ፣ ማታ ከብቱ ወደ በረት ሲመለስ። የውሃውን ከፍታ የምትጽፍበት ወረቀት «አሥራ ሁለት ሰዓት» ይላል። እሷ ሰዓት የላትም፤ ላሞቹ ግን አይሳሳቱም። እንዲህ ስትወርድ አምስት ዓመት ሊሞላ ነው። ታማም ወርዳለች፣ ልቅሶ ቤት ውላም ወርዳለች፣ በፋሲካ ማግስት ሰው ሁሉ ሲተኛም ወርዳለች።

ወንዙ ዳር ሦስት ዘንጎች በሲሚንቶ ተተክለዋል። አንዱ ውሃው ውስጥ ነው፣ ሁለተኛው ከፍ ብሎ ተዳፋቱ ላይ፣ ሦስተኛው አፋፉ ላይ። ውሃው የታችኛውን ሲውጠው የላይኛው ከዚያው ይቀጥላል። በነጭ ቀለም ላይ ጥቁር መስመር፣ በመስመሩ አጠገብ ቁጥር አለ። ያገሩ ሰው ሦስቱንም በአንድ ስም «ሜትሩ» ይላቸዋል።

ባሏ ደሞዝ በሕይወት ሳለ ሰዉ ስሙን ትቶ «ውሃ ቆጣሪው» ይለው ነበር። ወረታ ገበያ ላይ ሲያገኙት፣ «ደሞዝ፣ ዛሬስ ስንት ውሃ አለፈ? አንድም አላመለጠህ?» ይሉታል። እሱም፣ «ያመለጠኝን እናንተ ጠጥታችሁታል» ብሎ ያልፋል።

ደሞዝ የቄስ ትምህርት ቤት ልጅ ነበር። ባሕረ ሐሳብ ስለተማረ የጾምና የበዓል ማውጫን በጣቱ አንጓ ይቆጥር ነበር። በ1952 ዓ.ም. ከአዲስ አበባው የውሃ መሥሪያ ቤት የመጡት ሰዎች ዘንጎቹን ሲተክሉ ቁጥር የሚያውቅ ሰው ቢያጠያይቁ እሱን አሳዩአቸው። የእነሱን የፈረንጅ ቁጥር በግማሽ ቀን ለመደው። ለጸሐይነሽም ምድጃው ዳር አመድ ላይ በጣቱ እየጻፈ ያሳያት ነበር። «ይቺ ሁለት ናት፤ እንደ ይብራ አንገቷን የቀለሰችው። ይቺ ስምንት ናት፤ ወገቧን በመቀነት የታሰረችው፤ አንቺን ትመስላለች።» ጸሐይነሽ ቁጥር ማንበብ ለመደች። መጻፉ ግን ገና ነበር።

መሥሪያ ቤቱ በየዓመቱ የሚልከው ወረቀት አሥራ ሁለት ነው፤ ለየወሩ አንድ፣ ከመስከረም እስከ ነሐሴ። ጳጉሜን የለችም። ማን እንዳሳተመው አይታወቅም። ደሞዝ መጀመሪያ ያየው ቀን ሳቀ። «እነዚህ ሰዎች ጉማራ ጳጉሜን ላይ የሚያርፍ መስሏቸዋል» አለ። ከዚያም የነሐሴን ወረቀት ገልብጦ በጀርባው አምስት መስመር አሰመረና ጳጉሜንን እዚያ ጻፋት። ሌላ ምን ያድርግ? ቀኑ ካለ ውሃው አለ፤ ውሃው ካለ መጻፍ አለበት።

በ1953 ዓ.ም. ከጳጉሜን አንድ ጀምሮ በአንበሳሜ በኩል ሰማዩ ሳያቋርጥ ሲያጉረመርም ሰነበተ። ፎገራ ሜዳ ላይ ያለ ሰው ያንን ድምፅ ያውቀዋል፤ በራሱ ሰማይ ላይ ፀሐይ ብትኖርም ከብቱን ያነሣል። ሦስተኛው ቀን ሩፋኤል ነው። የሩፋኤል ዝናብ ጠበል ነው ተብሎ ሕፃን ሽማግሌው ራሱን ገልጦ ይወጣበታል። ያን ዕለት ግን ሰው ለጠበሉ ከመውጣቱ በፊት ጠበሉ ራሱ ቤት ገባ። ጸሐይነሽና ደሞዝ ሲነቁ ውሃው ከመደቡ እኩል ነበር። መኝታቸውንና ዶሮዎቻቸውን ይዘው ከቤቱ ጀርባ ካለው ትልቅ ኩይሳ ላይ ወጡ።

ደሞዝ ጎንበስ ብሎ ሱሪውን ጠቀለለ።

«ወዴት ነው?» አለችው።

«ሰዓቱ ደርሷል።»

«የምን ሰዓት?»

«የውሃው ነዋ።»

«ውሃው ቤትህ ድረስ መጥቶልሃል፤ ደግሞ ምን ፍለጋ ትሄድበታለህ?»

«ምን ያህል ሆኖ እንደመጣ ልጽፍለት» አለና ሳቀ። ወረቀቱን ከነማኅደሩ እንዳይረጥብ ብሎ ለእሷ ሰጣት።

የወንዙ አፋፍ ከሜዳው ከፍ ያለ ነው፤ ሜዳው ባሕር ሲሆንም እሱ እንደ ጀርባ ብቅ ብሎ ይታያል። ደሞዝ በዚያ ላይ ሄዶ ሦስተኛው ዘንግ ዘንድ ደረሰ። ርቀቱ ሰማንያ እርምጃ ቢሆን ነው። ዝቅ ብሎ አየ። እጆቹን ባፉ ዙሪያ አድርጎ ጮኸ። «አራት ከሰማንያ ሁለት! ጻፊው!»

ከዚያ መረሬው ተናደ። ውሃ የጠጣ ጥቁር አፈር ሲናድ ድምፅ የለውም። ሲሚንቶው ዘንጉን ይዞ ቀረ፤ ደሞዝ የቆመበት ግን ከነሣሩ ሄደ።

ወደ ማታ የደሞዝ ታላቅ ወንድም ቄስ ገብረ ኪዳን በታንኳ ሲደርሱ ጸሐይነሽን ኩይሳው ላይ አገኟት። ማኅደሩን ታቅፋ፣ ሳታቋርጥ፣ «አራት ከሰማንያ ሁለት፣ አራት ከሰማንያ ሁለት» ትል ነበር። ታንኳ ቀዛፊው፣ «አእምሮዋ ተነካ» አለ። አእምሮዋ አልተነካም ነበር። መጻፍ ስለማትችል ቁጥሩ እንዳይጠፋባት በአፏ ይዛው መዋሏ ነበር። ቄሱ ነገሩ ሲገባቸው እያለቀሱ የነሐሴን ወረቀት ገልብጠው ጻፉላት፤ የፈረንጁን ቁጥር ስለማያውቁ ግን በግእዝ፣ ፬ ከ፹፪ ብለው።

ሬሳው ጳጉሜን አምስት ቀን ወደ ጣናው አፍ ተገኘ። በበነጋው፣ በዘመን መለወጫ፣ ሰው አደይ ይዞ ሲሄድ ጸሐይነሽ ከል ለብሳ ወደ ወንዙ ወረደችና የመስከረም አንድን ቁጥር አነበበች። ሦስት ከአሥር ነበር። ቄሱ ጻፉ። በሚቀጥለው ወር ጽሕፈቱንም ራሷ ያዘችው። ከወረቀቱ ግርጌ ያለው ስም ግን የቄስ ገብረ ኪዳን ሆኖ ቀረ፤ ሴት ናት ብለው እንዳይከለክሏት።

ሰዉ ከሐዘኗ ጋር አብሮ የሚያልቅ ነገር መስሎት ነበር። አላለቀም። መቃብሩ ጋ ስትሄድ መቃብሩ ዝም ይላታል። ዘንጉ ግን በየቀኑ አንድ ነገር ይላታል፤ የሚላትንም ጮክ ብላ ስታነብ ከራሷ ድምፅ ሥር የእሱ ድምፅ ያለ ይመስላታል። አንዳንድ ቀን ደግሞ ትቆጣዋለች። ሰው የመጨረሻ ቃሉ የሚስቱ ስም ይሆናል፣ ወይም «እመብርሃን» ይሆናል። የእሱ ቁጥር ሆነ። ቁጥርን እንዴት ታቅፈው ይተኛሉ? ሆኖም እሷ ታቅፋው ተኝታለች፤ ያላትም እሱ ብቻ ነበር።

ካሴ የሚባል ሚስቱ የሞተችበት ገበሬ ሽማግሌ ቢልክባት፣ «ከብቱ ሲገባ ወንዝ ዳር የምትሆን ሴት ምን ታደርግለታለች?» ብላ መለሰችው። ጎረቤቷ ገላነሽ ይህን ሰምታ፣ «አንቺማ ቁጥር ያገባሽ ነሽ፤ ያውም አይወልድ» አለቻት።

የ1957 ክረምት ሳይመጣ ሄደ። ጉማራ ከአፋፉ ሳይወጣ መስከረም ጠባ፤ ውሃ ያልተኛበት ሜዳ እርጥበት ስላልያዘ ጓያውም ሽምብራውም በአበባው ቀረ። በሚያዝያ 1958 ውሃው ከታችኛው ዘንግ እግር በታች ወረደ። ዜሮ ከሚለው በታች ቁጥር የለም። ጸሐይነሽ ቆማ አሰበች፤ ከዚያ ቁጢጥ ብላ ከዘንጉ እግር እስከ ውሃው በእጇ ለካችና «ከዜሮ በታች አንድ ስንዝር ከሁለት ጣት» ብላ ጻፈች።

ግንቦት ላይ በዚያ ምክንያት አንድ ሰው መጣ። በላቸው ይባላል፤ ከሲታ ወጣት ነው። ላንድሮቨሩን ከመንገዱ ዳር ትቶ የወረቀት ጥቅልና በሦስት እግር የሚቆም መነጽር ተሸክሞ በእግሩ ደረሰ። ቄስ ገብረ ኪዳንን ጠይቆ ሲያገኛቸው እጅ ነሣ።

«ተመልካቹ እርስዎ ነዎት፣ አባ?»

«እኔ ፈራሚው ነኝ» አሉ ቄሱ። «ተመልካቿ ያቺውልህ፤ ኩበት የምትጠፈጥፈው።»

ጸሐይነሽ እጇን በሣር ጠርጋ ተነሣች። ልትባረር መስሏት ነበር። ሰውየው ግን ወረቀቱን አውጥቶ የስንዝሩን መስመር አሳያት።

«መሥሪያ ቤት ሁሉም ስቀውበታል። እኔ ግን ይህን የጻፈውን ሰው ላየው መጣሁ። በድርቁ ሌላው ተመልካች ሁሉ ዜሮ፣ ዜሮ ብሎ ነው የተወው። እጅዎን ይዘርጉልኝ እስቲ።»

ስንዝሯን በማስመሪያ ለካ፤ አሥራ ዘጠኝ ሳንቲሜትር ሆነ። ሁለቱንም ጣት ለካ። ከአጥሩ ማዶ ገላነሽ ጮኸች፤ «አንቺ! የአዲስ አበባው ሰውዬ ቀለበት ሊያሠራልሽ ነው ወይ?»

«ዝም በይ ወዲያ!» አለች ጸሐይነሽ። ከስንት ጊዜ በኋላ ሳቀች።

ከግራሩ ጥላ ሥር ትልቁን ወረቀት ዘረጋው። የጉማራ ዓመታት ሁሉ እዚያ ላይ ነበሩ፣ ቀን በቀን። በላቸው ሥራውን ሲያስረዳ ድምፁ ይሞቃል። የየዓመቱን ውሃ ከትልቁ እስከ ትንሹ እንደ ሰው በቁመት ያሰልፋል፤ ከሰልፉም እንዲህ ያለ ድርቅ በስንት ዓመት አንዴ፣ እንዲህ ያለ ሙላት በስንት ዓመት አንዴ እንደሚጠበቅ በሒሳብ ያወጣል። ግድብ ታስቧል፤ ቁመቱም ከዚህ ሒሳብ ይወጣል።

«ምን አደከመህ» አሉ ቄሱ። «ዘንድሮ ማርቆስ ነው። ማቴዎስ፣ ማርቆስ፣ ሉቃስ፣ ዮሐንስ፤ አራት ናቸው፣ እየዞሩ ይመጣሉ። የየአንዱን ጠባይ አባቶች ጽፈውታል።»

«የእኔዎቹ አይዞሩም፣ አባ። እንደ ዕጣ ናቸው። ከከረጢቱ ምን ያህል ጊዜ እንደሚወጡ እንጂ መቼ እንደሚወጡ አላውቅም። ያለኝ ደግሞ ስድስት ዓመት ብቻ ነው፤ ስለዚህ እያንዳንዷ ቀን ትከብደኛለች።»

ጸሐይነሽ ጣቷን በመስመሮቹ ላይ እየነዳች ነበር። የምታውቀውን የራሷን ቁጥር አየች፤ ከዚያ በፊት ደግሞ የእሱን። ነሐሴ ሠላሳ ቀን 1953፣ ማታ፣ ሁለት ከዘጠና። ቀጥሎ ለየቀኑ አንድ አንድ የሆኑ አምስት ቁጥሮች በቀይ ቀለም ነበሩ። ሦስተኛው ላይ ቆመች።

«ይኼ ምን ይላል?»

«ሦስት ሜትር ይላል።»

«ማን አነበበው?»

«ማንም። የጳጉሜን ቁጥር በየዓመቱ ስለሚጎድል ግራና ቀኙን አይቼ፣ ከርብ ወንዝም ጋር አስተያይቼ በሒሳብ የሞላሁት ነው።»

«ሒሳብ ጉማራ ወርዶ ያውቃል?»

በላቸው ቀና አለ። ፊቷ ተለውጦ ነበር።

«ጀርባውን አላያችሁትም?» አለች። «የነሐሴን ጀርባ! በየዓመቱ በጀርባው እየጻፍኩ እልካለሁ፤ እሱም ጽፏል። አንድ ሰው እንኳ አልገለበጠውም?»

አልገለበጡትም ነበር። ጸሐፊዎቹ የፊቱን ብቻ ወደ መዝገብ ቀድተዋል፤ የቀደሙት ዓመታት ዋና ወረቀቶች ደግሞ የመጋዘኑ ጣሪያ አፍስሶባቸው ተጥለዋል። በላቸው ይህን ሲናገር ዓይኗን አላያትም።

ያን ጊዜ ነገረችው። ለማንም ከአንድ ጊዜ በላይ ነግራ የማታውቀውን፣ ከማኅደሩ ጀምራ እስከ ታንኳው ድረስ። ቄሱ በመቋሚያቸው ላይ አገጫቸውን አሳርፈው አዳመጡ። በላቸው እስክትጨርስ ጠበቀ።

«ወይዘሮ ጸሐይነሽ፣ አምንዎታለሁ» አለ በመጨረሻ። «ግን በማመን ብቻ ልጽፈው አልችልም። አራት ከሰማንያ ሁለት ከሌሎቹ ሁሉ በጣም የራቀ ቁጥር ነው። እሱ ከገባ ሰልፉን ሁሉ ይጎትተዋል፤ የግድቡ ቁመት ይለወጣል። ርቀቱ ሩቅ ነበር፣ ውሃው ይጮህ ነበር። ሦስት ከሰማንያ ሁለት ብለውስ እንደሆነ?»

«አራት ነው ያለው።»

«ምስክር የሚሆን ነገር አለ? ውሃው የነካው ዛፍ፣ ድንጋይ፣ ምልክት?»

ጸሐይነሽ ወደ ቤቷ አየች።

ፎገራ ውስጥ ሴት ሁሉ ለዘመን መለወጫ ቤቷን በጭቃና በእበት ትለቀልቃለች። ጸሐይነሽም ትለቀልቃለች፤ ከበሩ በስተግራ ግን አንድ ክንድ የሚያህል ስፋት ከላይ እስከ ታች ሳትነካ ትተዋለች። እዚያ ላይ ከጉልበቷ ከፍ ብሎ የጉማራ ደለል የተወው ግራጫ መስመር አለ። ገላነሽ በየዓመቱ፣ «ግማሽ ፊቱን ታጥቦ የመጣ ቤት!» ትላታለች። ጸሐይነሽ ምክንያቱን ተናግራ አታውቅም።

«አለ» አለች። ግን አልተንቀሳቀሰችም።

«የት?»

«ብትለካውና ባይገጥምስ?»

በላቸው ማስመሪያውን ወረቀቱ ላይ አስቀመጠ።

«አምስት ዓመት ይዤዋለሁ» አለች። «ተሳስቼ ሰምቼው ከሆነ የያዝኩት የእሱ ቃል አይደለም ማለት ነው። ያን ጊዜ ምን ይቀረኛል?»

«ካልፈለጉ እንተወዋለን» አለ በላቸው። «ቀዩ ባለበት ይቀራል።»

ቀዩን ቁጥር እንደገና አየችው። ሦስት ሜትር። ማንም ሰው ሱሪውን ሳይጠቀልል ሊያነበው የሚችል፣ ቤት የማይገባ፣ አፋፍ የማይንድ፣ ደግ ውሃ። በዚህ ወረቀት ላይ ያን ቀን ምንም አልሆነም ነበር። ደሞዝም ማታ ወደ ቤቱ ገብቶ ነበር።

«ና፣ ላሳይህ» አለች። አንተ ማለቷንም አላወቀችውም።

ልኩን መውሰድ ከሰዓት በኋላውን ሁሉ ፈጀ። በላቸው መነጽሩን በቤቱና በወንዙ መካከል ተከለ። ቄስ ገብረ ኪዳን ቁጥር የተጻፈበትን ረጅም ጣውላ አንድ ጊዜ ከግድግዳው መስመር ጋር፣ አንድ ጊዜ ከሦስተኛው ዘንግ ጋር አቁመው ያዙለት። «አባ፣ አያጋድሉት!» ሲላቸው፣ «አርባ ዓመት ማሕሌት ቆሜያለሁ፤ መቆም አንተ ታስተምረኝ?» ይሉታል። ጸሐይነሽ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ጉልበቷን አቅፋ ታይ ነበር። ገላነሽ መጥታ አጠገቧ ተቀመጠች። ግድግዳውን አየች፣ መነጽሩን አየች፤ ነገሩ ሲገባትም ነጠላዋን ወደ አፏ አስጠጋች።

በላቸው ደመረ፣ ቀነሰ። እንደገና ደመረ።

«አራት ከዘጠና» አለ።

ጸሐይነሽ ከተቀመጠችበት አልተነሣችም። «አልገጠመም» አለች ቀስ ብላ።

«ገጥሟል እንጂ!» በላቸው ወደ እሷ መጥቶ ፊት ለፊቷ ቁጢጥ አለ። «ግድግዳው የያዘው ውሃው የደረሰበትን መጨረሻ ነው። እሳቸው ያነበቡት በጠዋቱ የነበረውን ነው። አራት ከሰማንያ ሁለት ብለው ጮኹ፤ ውሃው ገና እየጨመረ ነበር። ከዚያ በኋላ ስምንት ጨመረ። ሦስት ሊሆን አይችልም፣ አምስትም ሊሆን አይችልም። በትክክል አንብበዋል፤ በትክክልም ሰምተዋል።»

«ከእሱ በኋላ ስምንት ጨመረ» አለች ጸሐይነሽ።

«አዎ።»

መዳፏን ገልጣ አየችው። ስምንት፣ አራት ጣት ቢሆን ነው። ኩይሳው ላይ ሆና ያንን አላየችም ነበር፤ ያን ጊዜ ዓይኗ ሌላ ነገር ይፈልግ ነበር። ገላነሽ እጇን ያዘቻት።

በላቸው ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ ዘረጋ። ቀዩን በአንድ መስመር ሰረዘና ከላዩ በጥቁር ቀለም ጻፈ። ጳጉሜን ሦስት፣ ጠዋት፣ 4.82። በዳር በኩል የውሃውን መጨረሻ ከፍታ፣ 4.90፣ ከምን እንደተለካ አብራርቶ አሰፈረ። የተመልካቹን ስም ሲጠይቃት ብዕሩን ከእጁ ተቀብላ ራሷ ጻፈችው፤ ደሞዝ የሚለው ትንሽ ዘመመ እንጂ ይነበባል። የአንደኛውና የሁለተኛው ቀን ንባብ ከወረቀቱ ጋር ስለጠፋ በቀዩ እንዲቆዩ ተስማማች፤ አራተኛውና አምስተኛውም እንዲሁ። ማንም ያነበባቸው የለም፣ ሒሳብ ይሙላቸው።

«አንድ ቀረን» አለ በላቸው። «የሦስተኛው ቀን ማታ፣ አሥራ ሁለት ሰዓት። ከአራት ከዘጠና ወደ መስከረም አንዱ ሦስት ከአሥር እየጎደለ የሄደ ስለሆነ ላወጣው እችላለሁ። አራት ከስልሳ ግድም ይሆናል። ልሙላው?»

«እሱን ተወው።»

«ዜሮ ልበለው?»

«ዜሮማ ሰው ነበረ፣ ውሃውን አይቶ ዜሮ አለ ማለት ነው» አለች። «አንተ ራስህ በድርቁ ጊዜ ዜሮ ብለው ተዉት ብለህ የለም?»

«ልክ ነው። እና ምን ልጻፍ?»

«ምንም። ባዶውን ይቀመጥ። ያን ማታ ወንዙን ያየው ሰው የለም።»

በላቸው ሒሳቡ ባዶ እንደማይወድ ሊነግራት አፉን ከፈተ፤ ከዚያ ተወው። ብዕሩን ከደነ። ማዶ፣ በደረቀው ሜዳ ላይ፣ የፎገራ ከብት አቧራውን እያስነሣ ወደ በረት ይመለስ ነበር። ጸሐይነሽ ይህን ስታይ ተነሥታ ቀሚሷን አራገፈች፣ ወረቀቷን ያዘች፣ ወደ ወንዙም ወረደች።